የአሰጋሽ እግር ልክ

አሰጋሽ ጫማ ላሰፋ ነው ስትል ቢቸና ላይ ያልሳቀ ጎረቤት አልነበረም። ይሳቁ! የገዛ ጥርሳቸው ነው። ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ በዚያ በስድሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት ቢቸና ከተማ ውስጥ ጫማ ያደረገ ሰው ስንት ነበር? አውራጃ ገዥው፣ ዳኞቹ፣ አስተማሪዎቹ፣ ፖሊሶቹ፣ ጥቂት ነጋዴ። የቀረው ሁሉ ገበያ ወጥቶ የሚገባው በባዶ እግሩ ነው። ታዲያ ባዶ እግሩን የሚሄድ ሰው፣ ጫማ ላሰፋ ባለች ሴት ምን ያስቀዋል? የሚያስቀውማ ግራ እግሯ ነበር።

አሰጋሽን ዝሆኔ ይዟታል። ሃያ ሁለት ዓመት ሲሆናት ቁርጭምጭሚቷ ማበጥ ጀመረ። ምች ነው ተባለ፣ መተት ነው ተባለ፣ ጸበል ተሞከረ፣ ቅጠል ተሞከረ። እግሩ ግን ዓመት በዓመት እየወፈረ፣ ቆዳው እየሻከረ፣ ጣቶቹ እብጠቱ ውስጥ እየተደበቁ ሄዱ። ባሏ "ከዘሯ ነው" ብሎ ፈታት። ከዘሯ ማንንም ይዞ አያውቅም፤ ቢይዝስ! ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በአንዲት ክፍል ቤቷ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። የአሰጋሽ ፈትል ነው ከተባለ ሸማኔ አይከራከርም፣ እንዲያው ተቀብሎ ይሄዳል። እግሯን ግን ማንም አያየውም። በጨርቅ ትጠቀልለዋለች፣ በላዩ መሬት የሚጠርግ ቀሚስ ትለብሳለች። ቤተ ክርስቲያን እንኳ የምትሄደው ሰው ሳይመጣ ነው፤ ከአጥሩ ውጭ ተሳልማ ትመለሳለች።

ነገሩን የጀመረው ወንድሟ ውበቴ ነው። እናታቸው ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ሞጣ አጠገብ ያላቸውን ርስት ለሁለቱ ልጆቻቸው እኩል ትተው ሞቱ። አሰጋሽም "እኔን እግሬ አይረዳኝም፤ አንተ እረሰውና እህሉን እንካፈላለን" አለችው። ታናሿ ነው፣ አዝላ ያሳደገችው። መጀመሪያ ላይ ጤፉ በየዓመቱ በአህያ ተጭኖ ቢቸና ይመጣላት ነበር። ኋላ ግማሽ ሆነ። ኋላ ጭራሽ ቀረ። "ምነው ወንድሜ?" ብላ ብትልክበት፣ "የምን መሬት? ለቀቅሁልህ ብለሽኝ የለም እንዴ!" የሚል መልስ መጣ። አሰጋሽ ይህን ስትሰማ እንዝርቷን ቁጭ አድርጋ፣ ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ሄዳ ከሰሰችው።

ሞጣ ፍርድ ቤት የቀረበችው በተከራየችው በቅሎ፣ ተሸፋፍና ነው። ውበቴ ዳኛው ፊት ቆመና እንዲህ አለ፦

"ጌታዬ፣ ይህች ሴት በሽተኛ ናት። እንኳን ማሳ ድረስ ልትሄድ ደጇን መሻገር አትችልም። መሬቱን በገዛ አፏ ለቅቃልኛለች።"

ይህች ሴት አላት፤ እታለሜ እያለ ያደገው ሰው! ምስክር አለህ ቢባል የለውም። እሷም የላትም። ያኔ ነው ውበቴ ያንን ነገር ያመጣው፤ እስከ ዛሬ ባሰብሁት ቁጥር ያንገበግበኛል።

"እንግዲያው ትማልልኝ!" አለ። "ሞጣ ጊዮርጊስ፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ የቤተ ክርስቲያኑን በር ይዛ ትማልልኝ። ከማለች መሬቷን ትውሰድ፤ አንድ ቃል አልተነፍስም። ካልማለች ግን የኔ ነው።"

ተንኮሉን ልብ በሉልኝ። እኅቱ በሐሰት እንደማትምል ያውቃል። ለእውነት ብላም ቢሆን ያን ሁሉ ሕዝብ ሰንጥቃ እንደማታልፍ ያውቃል። ዳኛው ወደሷ ዞረው "ትምያለሽ?" ሲሏት፣ ተናድዳ ስለነበር ሳታስብ "እምላለሁ!" አለች። ዳኛው ኅዳር ሃያ ሦስት ቀጠሩ። ያን ዕለት ካልቀረበች ወይም ካልማለች መሬቱ ለውበቴ እንዲጸና መዝገቡ ላይ አጻፉ።

ቢቸና ስትመለስ እግሯ ጨርቁ ውስጥ ቆስሎ ሁለት ሳምንት አስተኛት። ሐኪም ቤት፣ ከወለጋ ተመድቦ የመጣ አንድ ድሬሰር ነበረ። ቁስሉን አጥቦ ሲጨርስ፣ "በየቀኑ በሳሙና እጠቢው፣ አድርቂው፣ ከአፈር አርቂው። ጫማ ያስፈልግሻል። በዚህ ጨርቅ ሁለተኛ መንገድ ከወጣሽ የምትመለሽ አይመስለኝም" አላት።

"ለዚህ የሚሆን ጫማ ማን ይሠራል?"

"እሱን እኔ አላውቅም።"

ጎረቤቷ ባንቺዓለም ግን ታውቃለች። ባንቺዓለም የማታውቀው ነገር የለም። "ይግዛው አለ አይደል!" አለች።

ይግዛው ጫማ ሰፊ ነው። አዲስ አበባ አንድ አርመን ዘንድ አሥራ አምስት ዓመት ሠርቶ፣ ፀጉሩ ሸብቶ፣ ቁጣውን ይዞ ቢቸና ገባ። የከተማው ሰው በሌለበት ፋቂ ይለዋል፣ ቤቱ እህል አይቀምስም፤ በዓል ሲደርስ ግን ሹማምንቱ ሳይቀሩ ደጁን ይጠናሉ።

እዚህ ላይ ነው አሰጋሽ ያጠፋችው። ያን ጊዜ ጫማ የሚያሰፋ ሰው እግሩን ይዞ አይሄድም፣ ስንደዶ ይልካል። ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት በአንዲት ስንደዶ ይለካና፣ ቆርጦ ለገበያተኛ ይሰጣል፤ በቃ። አሰጋሽም ስንደዶ ለካች። በየትኛው እግሯ? በደህናው! ያንኑ ሁለት አድርጋ ቆርጣ፣ "በይ ይህን ስጪው፣ ስለ እግሬ ትንፍሽ እንዳትዪ" ብላ ባንቺዓለምን ላከቻት። ምን አስባ እንደሆነ ኋላ ስትጠየቅ እሷም አታውቀውም። ምናልባት ጫማው ሲመጣ እግሩ ያፍርና ይቀንሳል ብላ ይሆናል።

ጫማው መጣ። ቀኙ ልክክ አለ። ግራው ጣቶቿን እንኳ አላስገባ አለ። አሰጋሽ ታገለች፣ ላበች፣ መጨረሻ ላይ ጫማውን ግድግዳ ላይ ወርውራ አለቀሰች። ባንቺዓለም ጫማዎቹን አንሥታ እየተነጫነጨች ለይግዛው መለሰችለትና ያለውን ሁሉ ነገረችው። ትንፍሽ አትበይ የተባለችውን ጭምር።

ይግዛው ስንደዶውን ሁለት ቦታ ሰበረው። "እግሯን ይዛ ትምጣ" አለ። "ደግሞ ከሰዓት በኋላ ትምጣ። ያበጠ እግር ጠዋት ጠዋት ይጎድላል፤ ጠዋት የተለካ ጫማ ማታ ይገድላታል።"

"ሞቼ ነው!" አለች አሰጋሽ ይህን ስትሰማ። "እግሬን ለወንድ ዘርግቼ? እሱም በገበያ ዳር?"

"እንግዲያው መሬትሽን ተይው" አለች ባንቺዓለም። "ውበቴም ይኸንኑ ነው የሚጠብቀው።"

ይህ ቃል እንደ መርፌ ወጋት። ውበቴ ያን ጊዜ ፍርድ ቤት እንደቆመ፣ ከንፈሩን በጋቢው ሸፍኖ ሲስቅ ታያት። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ቀሚሷን እየጎተተች በገበያው መሐል አልፋ ይግዛው ሱቅ ገባች።

የሱቁ በር ወደ መንገዱ የሚከፈት ነው። በርጩማው ላይ ስትቀመጥ ውጭ ያለው ሥራ ፈት ሁሉ አንገቱን አሰገገ።

"ጋሼ ይግዛው፣ በሩን ይዝጉልኝ።"

"ብርሃን ያስፈልገኛል" አለ ይግዛው። ቀጥሎም ወደ በሩ ሄደና "ጫማ የምታሰፉ ግቡ፣ የማታሰፉ ወደየቤታችሁ!" ብሎ ጮኸባቸው። በሩ ላይ የቀረ የለም። ተመልሶ መጥቶ ፊቷ ቁጢጥ አለ። "በይ ፍቺው።"

አሰጋሽ ጨርቁን ፈታች። ከመምጣቷ በፊት ሦስት ጊዜ በሳሙና አጥባዋለች፣ ቢሆንም ይሸት ይሆናል ብላ ፈራች። ቀና ብላም ያንን የምታውቀውን ፊት ጠበቀች፤ ባሏ ሊፈታት ሰሞን ያሳያት የነበረውን ፊት። ይግዛው ፊቱን አላኮማተረም። እግሯን እንደ ቆዳ ገልበጥ አድርጎ አየውና "ቁሚበት" አላት።

"እንዴ! ልቁም?"

"ጫማውን ተቀምጠሽ ልታደርጊው ነው እንዴ? የተቀመጠ እግርና የቆመ እግር አንድ አይደለም። ቁሚ!"

ቆመች። ከእግሯ ሥር ካርቶን አንጥፎ፣ ዙሪያውን በእርሳስ ተከተለው። እያንዳንዱን ጉብታ፣ እያንዳንዱን ስርጉድ ሳይዘል ተከተለው። ከዚያ ሜትሩን አወጣ። በጣቶቿ ሥር ለካ፣ በመሐል እግሯ ለካ፣ በተረከዟ ዙሪያ ለካ፣ ወደ ቁርጭምጭሚቷ ወጣ። አሥራ አንድ ቦታ ለክቶ ሁሉንም ካርቶኑ ላይ ጻፈ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህን የአሰጋሽን እግር ከድሬሰሩ በቀር ሰው ነክቶት አያውቅም። እንባዋ ሳታስበው ዱብ ዱብ አለ።

"ምነው፣ አመመሽ?"

"አላመመኝም።"

"እንግዲያው እንባሽን ወዲያ አንጠባጥቢው፣ ቁጥሩን ታጠፊብኛለሽ።"

እያለቀሰች ሳቀች። ይግዛው ወደ መደርደሪያው ቀና አለ። እዚያ ላይ እግር መስለው የተጠረቡ እንጨቶች ተደርድረዋል፤ ፎርማ ይላቸዋል፣ ጫማ የሚሰፋው በነሱ ላይ ነው።

"አንቺን የሚያህል ፎርማ የለኝም" አላት። "ከዋንዛ እጠርባለሁ። ስምሽን ጽፌበት እዚያ ይቀመጣል፤ ጫማው ባለቀ ቁጥር እንደገና መለካት አይኖርም።"

"ከማን አጠገብ?"

"ያኛው የአውራጃ ገዥው ነው። ከሱ ጎን ቦታ አለ።"

"ወይ ጉድ! እሳቸው ይቆጡ ይሆናል።"

"ይቆጡ። እኔን ፋቂ የሚሉኝ በእጄ የነካሁትን አይቀምሱም፣ በእግራቸው ግን ሲያደርጉት አያፍሩም። እነሱ ካላፈሩ እኔ ለምን አፍራለሁ? አንቺስ ለምን ታፍሪያለሽ? እግርሽን ሰርቀሽ አላመጣሽው።"

ስለ ዋጋው ስትጠይቀው ጋቢ የሚሆን ፈትል ይበቃኛል አላት። አሰጋሽ ያን ሳምንት የፈተለችውን ያህል ቀጭን ፈትል በዕድሜዋ ፈትላ አታውቅም።

በአሥረኛው ቀን ልትሞክረው ተመልሳ ሄደች። ጫማው ግራና ቀኙ አይመሳሰልም፤ ቀኙ እንደ ማንኛውም ሰው ጫማ ነው፣ ግራው ግን ከፊት እስከ ጣቶቹ ድረስ ተከፍቶ እግሩን ሁሉ ካስገባ በኋላ በማሰሪያ እየጠበቀ የሚዘጋ ነው። ውስጡ ለስላሳ የበግ ቆዳ፣ ሶሉ የመኪና ጎማ። ይግዛው አጠለቀላትና ማሰሪያውን ሳበ።

"እንዴት ነው?"

"ደኅና ነው። እግዜር ይስጥልኝ።"

"የሚነካሽ ቦታ አለ?"

"ኧረ ምንም አልነካኝም፣ ጋሼ ይግዛው።"

ይነካታል እንጂ! ትንሿ ጣት ያለችበት ላይ እንደ ጉጠት ይዟታል። ግን ሰውየው አሥር ቀን ደክሞ፣ እንጨት ጠርቦ፣ ወገቡን ይዞ እየተነሣ፣ አይሆንም ይባላል? ይሉኝታ ያዛት። ይግዛው "እስቲ ተራመጂ" አላት። ስትራመድ እግሯን አላየም፣ ፊቷን ነው ያየው።

"ዋሸሽኝ!" አለና ተነሣ። "ስንደዶ ላይ ዋሸሽኝ፣ አሁንም ዋሸሽኝ!"

"ይህን ያህል ደክመው እንዴት ብዬ..."

"እኔ ደከምሁ ብለሽ አንቺ ልትቆስዪ ነው? ይሉኝታሽን ለለቅሶ ቤት አቆዪው! ጫማ ላይ ይሉኝታ የለም። በይ በጣትሽ እየጠቆምሽ አሳዪኝ።"

"እዚህ" አለች ቀስ ብላ። ይግዛው በጠመኔ ምልክት አደረገበት።

"ሌላስ?"

"እዚህም ይቆረቁረኛል።"

"ሌላስ? ሌላስ?"

"ተረከዙ ይላላል! ማሰሪያውም አጭር ነው! ደግሞ ጫፉ ላይ ስፌቱ ይቧጥጠኛል!" ድምጿ ሱቁን ሞልቶ መንገድ ወጣ። እሷም ደነገጠች።

"እንዲህ ነው እንጂ!" አለ ይግዛው፣ ጫማው በጠመኔ ተዥጎርጉሮ።

አሰጋሽ ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትመለስ አንድ ነገር ትዝ ብሏት መንገድ ላይ ቆመች። ጤፉ ግማሽ ሆኖ የመጣ ዓመት፣ ለውበቴ ምን ብላ ነበር የላከችበት? "ደረሰኝ፣ ደኅና ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ።" እየቆረቆራት! ያኔውኑ እዚህ ጋ ነካኝ ብትለው ኖሮ ይህ ሁሉ ይመጣ ነበር? በራሷ ተናደደች፤ ንዴቱ ግን ከእፍረት ይሻል ነበር።

ይግዛው ሁለት ጊዜ ፈታው፣ ሁለት ጊዜ ሰፋው። በሦስተኛው አሰጋሽ ተራምዳ፣ ዞራ፣ በርጩማው ላይ ወጥታ ወርዳ የምትለው ነገር አጣች። ይግዛውም ፊቷን አይቶ ጠመኔውን አስቀመጠ።

ኅዳር ሃያ አንድ ከባንቺዓለም ጋር ጭነት መኪና ላይ ወጡ። መኪናው ጉንደ ወይንን አልፎ ትንሽ እንደሄደ ተበላሸ። ሾፌሩ ከሥሩ ገብቶ ሲቀጠቅጥ ዋለ፤ ዕቃ ከሌላ ከተማ ካልመጣ አይነሣም ተባለ። እዚያው አድረው በማግስቱ ማለዳ አሰጋሽ ማሰሪያዋን አጥብቃ ተነሣች።

"በእግር?" አለች ባንቺዓለም።

"በምን ልትሄጂ ነበር?"

ሄዱ። በየወንዙ እያረፉ፣ ጠጠሩን፣ ጭቃውን፣ ጋሬጣውን እየረገጡ ሄዱ። ከሰዓት በኋላ የምታነክሰው ባንቺዓለም ሆነች፤ ባዶ እግሯን ነበረቻ! እሾኋን ያወጣችላት አሰጋሽ ናት። "ለኔም ጋሼ ይግዛው ይሰፉልኝ ይሆን?" አለች ባንቺዓለም። "ስንደዶ እንዳትልኪ ብቻ" አለቻት አሰጋሽ። ሞጣ ሲገቡ ገና ጀንበር አልጠለቀችም፤ አሰጋሽ ለማደሪያ ያገኙት ቤት ገብታ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ስታየው አንድ ቦታ አልተላጠም።

በማግስቱ ሞጣ ጊዮርጊስ ነጭ በነጭ ሆኖ ጠበቃቸው። ውበቴ ደጀ ሰላሙ ላይ ከፍርድ ቤቱ ጸሐፊና መሐላውን ከሚያስምሉት ከቄስ ወልደ ኪዳን ጋር ቆሟል። እኅቱን ከሩቅ ሲያያት ፊቱ አመድ መሰለ። ዓይኑ ወደ እግሯ ወረደ፤ ቀጥ ብላ በሁለት ጫማ ነው የምትመጣው። ሕዝቡም "ማን ናት? የማን እመቤት ናት?" እያለ መንገድ ለቀቀላት። አሰጋሽ ደስ አላት፤ በውነቱ በጣም ደስ አላት። ደጀ ሰላሙን ልታልፍ እግሯን ስታነሣ ግን ውበቴ እጁን ዘረጋ።

"ጫማ ይወለቃል እንጂ!" አለ ጮክ ብሎ። ፈገግታው ተመለሰ።

አሰጋሽ ቀጥ አለች። ወይ ጉድ! ጫማ ከደጀ ሰላሙ ወዲያ እንደማያልፍ የማያውቅ ክርስቲያን የለም፤ እሷም ታውቃለች። ግን በዕድሜዋ ጫማ አድርጋ የማታውቅ ሰው ማውለቁ ከየት ይታወሳት! ባንቺዓለምም አላሰበችው፣ ይግዛውም አላሰበው። ከደጀ ሰላሙ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ያለው ሜዳ በሕዝብ ተሞልቷል።

ቄስ ወልደ ኪዳን አዘኑላት። "ልጄ፣ ሕመምተኛ ነሽ። ከዚሁ ከደጅ ቆመሽ ብትምዪም እግዚአብሔር ይሰማሻል" አሏት።

"ዳኛው ያሉት በሩን ይዛ ነው!" አለ ውበቴ። "ከደጅ የተማለ መሐላ አልቀበልም። ወይ ትግባ፣ ወይ መሬቱን ትተው።"

አሰጋሽ ልመለስ ብላ አሰበች፤ ለምን ይዋሻል፣ አስባለች። ወዲያው ግን ያ በርጩማ፣ ያ የተከፈተ በር፣ ያ ካርቶን ታወሳት። አንድ ጊዜ ቆማበታለች። ይህስ ምን ይለያል?

"እውነቱን ነው፣ አባ" አለች። "በሩን ይዤ ነው የምምለው።"

ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ማሰሪያውን ትፈታ ጀመር። ባንቺዓለም ነጠላዋን እንደ መጋረጃ ዘርግታ ልትከልላት መጣች።

"ተይው፣ እንዲያዩት ነው።"

"ጫማሽንስ ማን ይጠብቅልሽ? በዓል ነው፣ ሌባ አይጠፋም!"

አሰጋሽ ቀና ብላ ወንድሟን አየችው። "ማን ይወስደዋል?" አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ። "ይህ እንደ መሬቴ አይደለም። ከኔ በቀር ለማንም አይሆንም።"

ጫማዎቹን ጎን ለጎን አቆመቻቸው። ቀሚሷን እስከ ቅልጥሟ ሰብስባ በመቀነቷ አሰረችው፣ ተነሣች፣ ገባች። ሕዝቡ እንደ ውኃ ተከፈለ። ያማተበ አለ፣ "ወይኔ!" ያለ አለ። አንዲት ወይዘሮ አፍንጫዋን በነጠላዋ ያዘች። አሰጋሽ ፊቷ ቆም አለችና "ይቅረቡና ይዩት እንጂ፣ እመቤቴ፣ አይናከስም" አለቻት። ወይዘሮዋ ነጠላዋን ለቀቀች። አሰጋሽ አልተጣደፈችም። ዘጠኝ ዓመት የሸሸገችውን እግር አንድ እርምጃ ሳትዘል አሳየቻቸው።

በሩ ዘንድ ስትደርስ ሳመችው፣ በሁለት እጇ ያዘችው፣ ወደ ሕዝቡ ዞረች።

"እኔ የአመተ ሥላሴ ልጅ አሰጋሽ፣ ወንድሜን ውበቴን መሬቴን እረሰው አልሁት እንጂ ውሰደው አላልሁትም፣ ለቀቅሁልህ አላልሁትም። ዋሽቼ እንደሆን" አለችና ቀኝ እግሯን ወደፊት አወጣች፣ "ይኸው ደኅናው እግሬ እንደዚያኛው ይሁን!"

አንድ ሽማግሌ ከሰው መሐል "በቃ! ልጄ፣ በቃ!" አሉ። ቄስ ወልደ ኪዳን መስቀላቸውን አነሡ። ጸሐፊው ጉልበቱ ላይ ጻፈና ለውበቴ የቀለሙን ሙዳይ አቀረበለት። ውበቴ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ አውራ ጣቱን ነክሮ ፈረመ። አንድ ቃል አልተነፍስም ብሎ አልነበር? አልተነፈሰም።

አሰጋሽ ወደ ደጀ ሰላሙ ተመለሰች። ጫማዎቹ እንዳቆመቻቸው ቆመዋል። ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ እግሯን በንጹሕ ጨርቅ ጠራረገች፣ ከጣቶቿ መሐል አፈሩን አወጣች፣ ግራውን አጠለቀች፣ ማሰሪያውን ከታች ጀምራ አንድ በአንድ ሳበች። ሕዝቡ ከቦ ያያል፤ ይይ! ስትጨርስ ተነሥታ ወንድሟ ፊት ቆመች።

"በል ምራኝ።"

"ወዴት?" አለ ውበቴ።

"ወደ ማሳዬ። ካየሁት ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ።"

"ሩቅ ነው'ኮ፣ እታለሜ። ቀትር ነው፣ ፀሐዩም..."

እታለሜ! አሁን መጣች። አሰጋሽ በእጇ ብቻ መንገዱን አሳየችው። ውበቴ ፊት ፊት ሄደ። ከከተማው ወጥተው፣ ዳገቱን ጀምረው፣ እኩሌታው ላይ ሲደርሱ ደክሟት እንደሆነ ሊያይ ቆም ብሎ ዞር አለ። ተረከዙ ሥር ነበረች።

"ምን ያቆምሃል?" አለችው። "ፍጠን እንጂ!"